ጨቅላውን ወደ መስኮት አምጡት

የአራስ ቤት ጨለማ ነው። መጋረጃው ተዘግቷል፣ በሩ ገርበብ ብሏል፣ ልጁ በፎጣና በጋቢ ተጠቅልሎ አፍንጫው ብቻ ይታያል። ብርድ እንዳይመታው፣ የሰው ዓይን እንዳያርፍበት ነው። እኔ ስወልድ እናቴም እንዲሁ አድርጋኛለች፣ ስለዚህ አልፈርድም። ችግሩ ጨቅላዎች ላይ የሚታየው የቆዳና የዓይን ቢጫነት የሚበረታው ከ3ኛው እስከ 5ኛው ቀን ባለው ጊዜ መሆኑ ነው። ያኔ ደግሞ እናትየዋ ከጤና ጣቢያ ወጥታ እዚያ ጨለማ ውስጥ ገብታለች። በጨቅላ ሕፃናት ክፍል ነርስ ከሆንኩ 11 ዓመቴ ነው። አዲስ ለሚመጡ ነርሶችና አዋላጆች መጀመሪያ የማሳያቸው መሣሪያውን ሳይሆን መስኮቱን ነው።

ልጁን የቀን ብርሃን ወዳለበት አምጡት፤ ፀሐይ በቀጥታ ግን አያርፍበት። ክፍሉ መሞቁን አይታችሁ ልብሱን አውልቁ፣ ካልሲውንም ጭምር። ቢጫ ብርድ ልብስ ካለ ከሥሩ አንሡት፣ ቀለሙ ቆዳው ላይ ያርፋል። ከዚያ አፍንጫውን በጣታችሁ ለአንድ ሁለት ሰከንድ ጫን አድርጋችሁ ልቀቁ። ደሙ ተመልሶ ሳይሞላ የምታዩት ቀለም ነው እውነተኛው። በደረቱ፣ በሆዱ፣ በጭኑ፣ በቅልጥሙ እያላችሁ እስከ መዳፉና ውስጥ እግሩ ውረዱ። ጠየም ያለ ልጅ ከሆነ ቆዳው ሊያታልላችሁ ስለሚችል ድዱንና የዓይኑን ነጭ እዩ።

ዓይኑን በጣት ለመክፈት አትታገሉ። ያበጠ የጨቅላ ዓይን ቆብ ሲነኩት ጭራሽ ይጨፍናል። ልጁን ቀና አድርጋችሁ ያዙትና በመዳፋችሁ ግንባሩ ላይ ጥላ ሥሩለት፤ ብዙ ጊዜ ራሱ ይከፍታል።

አንድ ሌሊት በአምፖል ብርሃን አይቼ ካርዱ ላይ «ፊቱ ላይ ብቻ» ብዬ ጻፍኩ። ጠዋት መስኮት ሥር ስናየው ቢጫው ቅልጥሙ ላይ ደርሶ ነበር። የደሙ ቢሊሩቢን (ቢጫ የሚያደርገው ነገር) በዴሲሊትር 19 ሚሊግራም መጣ። ልጁ ፎቶ (ፎቶቴራፒ፣ ቢሊሩቢንን በብርሃን የመቀነስ ሕክምና) ገብቶ በሰላም ወጣ፤ እኔ ግን ከዚያ ወዲህ የሌሊት ዓይኔን አላምንም። በነገራችን ላይ ቢጫው ከፊት ወደ እግር እንደሚወርድ ክሬመር የሚባል ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1969 ነው የጻፈው፦ ፊት ላይ ብቻ ከሆነ ከ5 እስከ 6 ሚሊግራም አካባቢ፣ መዳፍና ውስጥ እግር ከደረሰ ከ15 በላይ። እኔ የምጠቀምበት «ይለካ ወይስ አይለካ» ለማለት ነው። ቁጥሩን ከዓይናችሁ አትጻፉ።

ሳትለኩም የምትሮጡበት ጊዜ አለ። በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት የታየ ማንኛውም ቢጫነት፣ በየትኛውም ቀን መዳፍና ውስጥ እግር የደረሰ ቢጫነት፣ እንዲሁም ቢጫ ሆኖ ጡት እምቢ ያለ፣ የዛለ፣ ጀርባውን ወደ ኋላ የሚለጥጥ ወይም በቀጭን ድምፅ የሚያለቅስ ልጅ ካለ መሣሪያ ፍለጋ አትቁሙ። ሪፈር ነው።

ቢሊሩቢንን ደም ሳይወሰድ የሚለካ የቆዳ መለኪያ ካላችሁ መጀመሪያ በራሱ መፈተሻ ላይ አስነኩት። ልጁ ሲረጋጋ ጫፉን ደረቱ አጥንት ላይ ቀጥ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ ጫኑ፤ የበለዘና ፀጉር ያለበት ቦታ ላይ አይሆንም። ከደም ውጤት እስከ 3 ሚሊግራም ሊርቅ ስለሚችል፣ 15 ከደረሰ ወይም ልጁ ፎቶ ወደሚያስገባው ቁጥር ከተጠጋ ደም ይወሰድ። ፎቶ ላይ ያለ ልጅን ግን በቆዳ መለኪያም በዓይንም አትመኑ፤ ቆዳው ይነጣል፣ ደሙ ውስጥ ያለው ሌላ ነው።

ደም ስትወስዱ ተረከዙን በሞቀ እርጥብ ጨርቅ አሙቁ። የምትወጉት በጎንና ጎኑ ነው፤ መሀሉ ላይ አጥንቱ ቅርብ ነው። የመጀመሪያዋን ጠብታ በጎዝ ጥረጉ፣ አትጭመቁ፤ ሲጨመቅ ደሙ ይፈርስና ውጤቱ ይበላሻል። የፎቶውን መብራት አጥፉ፣ ቲዩቡን በፎይል ጠቅልሉ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ እንግሊዝ አገር ሮችፎርድ ሆስፒታል ሲስተር ዋርድ የምትባል ነርስ ልጆችን ወደ ግቢው ፀሐይ ታወጣ ነበር። እዚያው ሆስፒታል መስኮት ላይ የተረሳ የደም ቲዩብ ቢሊሩቢኑ ቀንሶ ተገኘ። ፎቶቴራፒ የተነሣው ከዚያ ነው። የእናንተም ቲዩብ መስኮት ላይ ቢረሳ ያው ይደርስበታል።

አሁን ቁጥሩ እጃችሁ ገባ። ዕድሜውን በቀን ሳይሆን በሰዓት አስሉ፤ በ20 ሰዓቱ 12 የሆነና በአራተኛ ቀኑ 12 የሆነ ልጅ አንድ አይደሉም። እዚህ ላይ ሰዓታችን ጉድ ይሠራናል። ካርዱ ላይ «8:00» ተብሎ ተጽፏል፤ በእኛ አቆጣጠር ይሁን በፈረንጅ ማን ያውቃል? ልዩነቱ 6 ሰዓት ነው። እናትየዋን «ሌሊት ነበር ወይስ ነግቶ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ፤ እሷ አትረሳውም። የሪፈር ወረቀት «250» ብሎ ቢመጣም አትደንግጡ፣ በሌላ መለኪያ፣ በማይክሮሞል የተጻፈ ነው፤ ለ17.1 ስታካፍሉት 14.6 ሚሊግራም ይሆናል።

የእናትና የልጅ ደም ካልተስማማ የልጁ ደም ይፈርሳልና የእናትየዋን የደም ዓይነትም ጠይቁ፦ ኦ ናት? አርኤች ኔጌቲቭ ናት? አያቶች ፊት «ሾተላይ» ካላችሁ ወዲያው ይገባቸዋል፤ ከዚህ በፊት ቢጫ ሆኖ የሞተ ልጅ ካለም ያኔ ይነግሯችኋል። ልጁ ያለ ቀኑ ተወልዶ ወይም በቫኪዩም ወጥቶ ጭንቅላቱ አብጦ ከሆነ ቶሎ ቶሎ እዩት።

ባለፈው አንዲት አያት ጠጋ ብለው፣ «ሲስተር፣ የወፍ በሽታ ነው እንዴ? የሌሊት ወፍ አልፋበት ይሆን?» አሉኝ።

«አይ እማማ፣ ወፍ አልነካውም። አሮጌ ደም ሲፈርስ የሚወጣውን ቢጫ ነገር ጉበቱ ገና ቶሎ ማስወጣት አልቻለም።»

«ታዲያ ቅቤ ቀብቼ ፀሐይ ላሙቀው?»

ይሄን ሁሉም ይጠይቃል። የጠዋት ፀሐይ ምን ያህል ብርሃን እንደሰጠው አይለካም፣ ልጁን ያቃጥለዋል ወይም ያበርደዋል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ቀን ይበላል። «ፀሐይ እየሞቀ ነበር» ተብሎ በስድስተኛ ቀኑ የደረሰ ልጅ አይቻለሁ። ለእማማም ይህንኑ ነገርኳቸው፤ ጡት ቶሎ ቶሎ ይጥባ፣ በየጠዋቱ መጋረጃው ተከፍቶ ድዱና ውስጥ እግሩ ይታይ አልኳቸው። በ14 ቀኑም ቢጫው ካልለቀቀ፣ ወይም ሰገራው እንደ ኖራ ነጥቶ ሽንቱ ጨርቁን ቢጫ ካደረገ፣ የቀጠሮ ቀን ሳይጠብቁ በዚያው ዕለት ይዘውት ይምጡ።