ለማትሪክ ስትዘጋጁ ጭንቀት እንዳያሸንፋችሁ

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለሚጠብቀው ተማሪ «አይዞህ፣ አትጨነቅ» ማለት ብዙም አይጠቅመውም፤ የሚያስጨንቅ ነገር በእርግጥ አለና። ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መሰጠት በጀመረበት በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ። ይህን ቁጥር ተማሪውም፣ ወላጁም፣ ጎረቤቱም ያውቀዋል።

ትንሽ ፍርሃት ለጥናት ያስነሳል። ሲበዛ ግን ያደናቅፋል፤ ሰው ጥያቄ ሲሠራ በአንድ ጊዜ በአእምሮው ሊይዝ የሚችለው ጥቂት ነገር ስለሆነ፣ «ብወድቅስ?» የሚለው ሐሳብ ያችኑ ቦታ ይሻማል። ቤት ውስጥ በቀላሉ የተሠራ የሂሳብ ጥያቄ ፈተና ላይ ድንገት የሚጠፋው በዚህ ምክንያት ነው። ይህን የሚቀንሰው ከምክር ይልቅ የቀኑ አያያዝ ነው።

መጀመሪያ ጭንቀቱን ወረቀት ላይ አውርዱት። ለእያንዳንዱ ትምህርት አንድ ገጽ ስጡና ፈተናው የሚያካትታቸውን ምዕራፎች ጻፉ። ከዚያ ከእያንዳንዱ ምዕራፍ አምስት ጥያቄ ደብተር ሳታዩ ሥሩ። አራትና አምስት ካገኛችሁ ምዕራፉን እንደያዛችሁት ቁጠሩ፤ ሁለትና ሦስት ከሆነ ክለሳ ይፈልጋል፤ ከዚያ በታች ከሆነ እንደ አዲስ ይጠናል። በስሜት አትመዝኑ፤ ሁለቴ የተነበበ ምዕራፍ ሳይታወቅ የታወቀ ይመስላል። ከደካሞቹ ውስጥ ለሌላው መሠረት የሆነውን አስቀድሙ፦ በኬሚስትሪ የመጠን መለኪያ የሆነው ሞል ያልገባው ተማሪ በኬሚካዊ ቀመር ስሌት ላይ ሳምንት ቢያጠፋ ትርፉ ድካም ነው። «ምንም አላውቅም» የሚለው ስሜት «እነዚህ ዘጠኝ ምዕራፎች ይቀሩኛል» ወደሚል ዝርዝር ሲለወጥ ብዙው ክብደት ይቀላል።

ቀጥሎ ፕሮግራሙ። ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ ወይም የካ አባዶ እየኖረ መሀል ከተማ የሚማር ልጅ፣ ትምህርት ቤቱ አጠገብ ከሚኖረው ጋር እኩል ሰዓት የለውም። የታክሲ ሰልፉ፣ የመንገዱ መዘጋጋት፣ የውኃው ፈረቃ ሁሉ ከጥናቱ ይቆረሳል። ስለዚህ የሌላ ሰው ፕሮግራም አትቅዱ። ለሥራ ቀናት የሚበቃው ሦስት ጊዜ 45 ደቂቃ ነው፤ በየመሀሉ 10 ደቂቃ እረፍት። ከምሽቱ 1 ሰዓት ከተጀመረ 3፡35 ላይ ያልቃል። 4፡30 ተኝቶ ከንጋቱ 11፡30 የሚነሳ ሰው ሰባት ሰዓት እንቅልፍ ያገኛል። ከዚህ አትቀንሱ፤ ቀን የተጠናው በአእምሮ የሚጸናው በእንቅልፍ ጊዜ ነውና።

በብዛት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፦ ተማሪው በቀን ስምንት ሰዓት ለማጥናት ያቅዳል፣ ማክሰኞ ላይ ይጎድልበታል፣ ረቡዕ ይጸጸታል፣ ሐሙስ ፕሮግራሙን ጥሎ ቁጭ ይላል። መፍትሔው በሳምንት አንድ ምሽት ባዶ መተው ነው፤ መብራት የጠፋበት ወይም እንግዳ የመጣበት ቀን በዚያ ይካካሳል። መብራት ሲጠፋ የሚሠራውንም አስቀድማችሁ ወስኑ፦ ፎርሙላ በቃል መጥራት፣ የታሪክ ቅደም ተከተል ለእህት ወይም ለወንድም ማስረዳት። የቆዩ ፈተናዎችን አሳትማችሁ ያዙ፤ ስልክ ላይ ብቻ ያለ ፈተና ባትሪው ሲያልቅ አብሮ ያልቃል። ውኃ ሌሊት የሚመጣበት ሰፈር ከሆናችሁ፣ የመቅዳቱን ተራ ለጥቂት ወራት ሌላ የቤተሰብ አባል እንዲይዝ በግልጽ ጠይቁ። ታክሲ ሰልፍ ላይ ኪስ የምትገባ ወረቀት ይበቃል፤ ዐሥር ነጥብ ጻፉባት፣ ሸፍናችሁ አስታውሱ፣ ከዚያ አረጋግጡ።

ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ አንድ የቆየ ፈተና በሰዓት ተፈተኑ። ስልክ ጠፍቶ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ሳይነሱ። ኮንዶሚኒየሙ የሚረብሽ ከሆነ 4 ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ድረስ በሳምንት አንዴ መሄድ ለዚህ ያዋጣል፤ በየቀኑ ግን መንገዱ ጊዜ ይበላል። ካረማችሁ በኋላ ስህተቶቹን በሦስት ለዩ፦ አላውቀውም ነበር፣ ጥያቄውን አሳስቼ አነበብኩ፣ ሰዓት አጠረኝ። የመጀመሪያው ጥናት ይፈልጋል። የሁለተኛው መፍትሔ «ያልሆነው» እና «በስተቀር» ከሚሉ ቃላት ሥር ማስመር ነው። የሦስተኛው ደግሞ የከበደውን ምልክት አድርጎ ማለፍ መልመድ ነው። ሰውነት የፈተናን ሰዓትና ጸጥታ ደጋግሞ ከለመደው በዋናው ቀን ያን ያህል አይደነግጥም።

ልብ ሲመታና እጅ ሲያልብ እስትንፋስ ይረዳል፦ በአፍንጫ እስከ 4 እየቆጠሩ ማስገባት፣ እስከ 6 እየቆጠሩ ቀስ ብሎ ማስወጣት፣ ለ5 ደቂቃ። ረጅሙ ማስወጣት የልብ ምትን ያረጋጋል። በኃይልና በፍጥነት ከተነፈሳችሁ ግን ያዞራል፣ ጣትም ይደነዝዛል፤ ያኔ ዝግ በሉ። በየምሽቱ ካልተለማመዳችሁት የፈተና ቀን አይታዘዝላችሁም።

ቡና ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ይቅርባችሁ። ከጠጣችሁ ከአምስት ሰዓት ያህል በኋላም የካፌኑ ግማሽ ገና ደም ውስጥ ነው። የማታ ቡና ሲፈላ ከቤተሰብ ጋር መቀመጡ ጥሩ እረፍት ነው፤ ስኒውን ግን እለፉት። ለመንቃት ብሎ ጫት መቃም ደግሞ የዛሬውን ሌሊት ሰጥቶ የነገውን ቀን ይወስዳል፤ እንቅልፍ ይነሳል፣ ስሜትንም ያወርዳል።

በ2008 ዓ.ም. ፈተና ከቀኑ በፊት ሾልኮ ወጥቶ መሰረዙ ስለማይረሳ፣ «ፈተናው ወጥቷል» የሚል ወሬ በቴሌግራም ሲመጣ ብዙ ልጅ ጥናቱን ጥሎ ፋይል ሲያሳድድ ያድራል። ፈተናው ሁለት ሳምንት ሲቀረው ከእነዚያ ቻናሎች ውጡ።

ወላጆች ሆይ፣ «የእገሌ ልጅ እኮ...» የሚለው ንግግር ልጁን አያተጋም፤ ያፍርበታል፣ ደብተሩንም ይደብቃል። ውጤቱ ካልመጣ ምን እንደሚሆን አንድ ጊዜ፣ በረጋ ቀን፣ አብራችሁ ተነጋገሩ፦ ሪሚዲያል (የማካካሻ ትምህርት)፣ ድጋሚ መፈተን፣ ቴክኒክና ሙያ። ሁለተኛ መንገድ እንዳለ የሚያውቅ ልጅ በመጀመሪያው ላይ የበለጠ ልቡን ይሰጣል። እንቅልፍ ማጣቱ፣ ምግብ መጥላቱ ወይም ለብቻ እያለቀሰ መቀመጡ ከሁለት ሳምንት ካለፈ ግን ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ የካ ኮተቤና አማኑኤል ሆስፒታሎች የአእምሮ ጤና ሕክምና ይሰጣሉ። ስለ መሞት ካወራ አንድ ቀንም አትጠብቁ፣ ብቻውንም አትተዉት።

የፈተናው ሳምንት አዲስ ምዕራፍ የሚጀመርበት አይደለም። ግቢ ስልክ ስለማይገባ ያለ ስልክ ደወል መነሳትን ከሳምንት በፊት ተለማመዱ። ፈተናው ሲሰጣችሁ ቀላሎቹን አስቀድማችሁ ሥሩ፤ በወረቀት የምትፈተኑ ከሆነ በየዐሥር ጥያቄው የጥያቄው ቁጥርና ያጠቆራችሁት ረድፍ መግጠሙን አረጋግጡ፤ አንድ ረድፍ ከተዘለለ የተቀረው ሁሉ ይዛነፋልና። ከክፍል ስትወጡ መልስ የሚያመሳክሩ ልጆች በር ላይ ይጠብቋችኋል። ሰላም ብላችሁ እለፉ፣ ምሳችሁን ብሉና ለቀጣዩ ፈተና ትንሽ ተኙ።