የቴሲጀርን የአዋሽ መንገድ በመኪና፦ ከአዋሽ ሰባት እስከ አቤ ሐይቅ እንዴት ይታቀዳል?

አዋሽ ባሕር የማይደርስ ወንዝ ነው። ከደጋ ተነስቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ በአፋር በረሃ፣ በኢትዮጵያና በጅቡቲ ድንበር ላይ ባለው አቤ ሐይቅ ያልቃል። ዛሬ ይህን ማንም ተማሪ ያውቃል። በ1926 ዓ.ም. ግን የወንዙን መጨረሻ በእግሩ ሄዶ ለማረጋገጥ የተነሳው ዊልፍሬድ ቴሲጀር የሚባል፣ አዲስ አበባ የተወለደ የ23 ዓመት እንግሊዛዊ ነበር። ኅዳር ላይ ከአዋሽ ባቡር ጣቢያ ግመሎቹን ጭኖ ወጣ፤ የአፋር ሱልጣን የሚገዛውን አውሳን አቋርጦ፣ አቤን አይቶ፣ ግንቦት ላይ ታጁራ ባሕር ዳር ደረሰ። ከእሱ በፊት አውሳ ከገቡት አንዱ ለግብፁ ገዥ፣ ለከዲቩ የሚያገለግለው ቬርነር ሙንዚንገር ነበር። በ1868 ዓ.ም. ኅዳር ከብዙ ወታደሮቹ ጋር እዚያው ተገድሏል።

እኔ ይህን መስመር በመኪና ሦስት ጊዜ ሞክሬዋለሁ። የመጀመሪያው አልተሳካም፤ ለምን እንዳልተሳካ ከታች በዝርዝር እነግራችኋለሁ። የምጽፈው ኢትዮጵያ ውስጥ ስላለው ክፍል ነው፦ ከአዋሽ ሰባት በገዋኔ፣ በሚሌ፣ በሎጊያና በአሳይታ አድርጎ እስከ አፋምቦና አቤ። ሁለት መኪና፣ አራት ሰው፣ ስድስት ቀን ብላችሁ አስቡ። በአንድ መኪና አትሂዱ።

ወቅቱ

ከኅዳር አጋማሽ እስከ ጥር መጨረሻ ሂዱ። ከመጋቢት ጀምሮ ሙቀቱ ሰውንም ሞተርንም ይፈትናል። አፋሮች ከርማ በሚሉት የክረምት ዝናብ ደግሞ አዋሽ ከአልጋው ይወጣና ከአሳይታ በታች ያለው ሜዳ ሁሉ ጭቃ ይሆናል። ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ ታች የሚደርሰው ዘግይቶ ስለሆነ፣ ሰማዩ ጠራ ብላችሁ በመስከረም አትነሱ።

ፈቃዱና ሰዉ

የቴሲጀርን ጉዞ ያነበበ ሁሉ የሚያስታውሰው በጨረቃ ብርሃን ከአውሳው ሱልጣን መሐመድ ያዮ ጋር ያደረገውን ግንኙነት ነው። ለእቅድ የሚጠቅመው ግን ከዚያ በፊት የሆነው ነው። መጀመሪያ የወጣ ጊዜ፣ በገዋኔ በኩል ባለው ባህዱ ላይ ሳለ፣ አካባቢው ሰላም ስላልነበር መንግሥት ተመለስ አለው። ተመለሰ። አዲስ አበባ ገብቶ እንደገና ፈቃድ ለመነ፣ የካቲት ላይም እንደገና ወጣ። ሳምንታት የፈጀበት ፈቃድ ነው። የእናንተም እቅድ ለፈቃዱ ቢያንስ ሁለት የሥራ ቀን ይያዝ፤ አንዱ ሰመራ፣ አንዱ አሳይታ።

ሰመራ ላይ የክልሉን ባህልና ቱሪዝም ቢሮ ደብዳቤ ትይዛላችሁ። እሱን ይዛችሁ አሳይታ ወረዳው ዘንድ ትቀርባላችሁ፤ ጥበቃና መሪ የሚመደብላችሁ እዚያ ነው። መሪው ከምታልፉበት ጎሳ የተወለደ ይሁን። በዚህ ነገር ላይ አቋሜ የማያወላውል ነው፦ ከአዲስ አበባ ወይም ከሎጊያ የመጣ፣ አካባቢውን «የሚያውቅ» ሰው አይበቃም። በአፋር ምድር መሬቱ ሁሉ ባለቤት አለው። ባዶ የሚመስለው ሜዳ የአንድ ጎሳ ግጦሽ ነው፤ የመሪውን አባት የሚያውቁት ሰዎች ናቸው መንገድ የሚያሳልፏችሁ።

ሌላው የመሪው ጥቅም ዳጉ ነው። አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቆመው፣ ብዙ ጊዜም ተቀምጠው፣ ያዩትንና የሰሙትን ይነጋገራሉ፤ የት ዘነበ፣ የት ውሃ አለ፣ ማን ከማን ተጣላ፣ የትኛው መንገድ ተበላሸ። መሪያችሁ ከግመል ነጂ ጋር ሃያ ደቂቃ ሲያወራ ሰዓታችሁን አትዩ፣ ጡሩንባም አትንፉ። በስልካችሁ ላይ ያለው ካርታ የሁለት ዓመት ወሬ ነው፤ ዳጉ የዛሬ ጠዋት ነው። ከገዋኔ እስከ ሚሌ ባለው ጎዳና ግራና ቀኝ በአፋርና በኢሳ መካከል ግጭት ሲነሳ መንገዱ እንደሚዘጋ መጀመሪያ የምትሰሙትም ከዚሁ ነው። ተመለሱ ካሏችሁ ተመለሱ።

የሳተላይት ስልክ ያለ ፈቃድ አትያዙ። ድሮንም እንዲሁ።

የድሮውን መንገድ ዛሬ መሬት ላይ ማግኘት

ሰዎች ሁሉ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ እኔም ጭምር።

የድሮውን ካርታ አግኝታችሁ፣ መስመሩን ኮምፒውተር ላይ ከሳተላይት ምስል ጋር ደርባችሁ፣ ጂፒኤስ ላይ ጭናችሁ መከተል ትፈልጋላችሁ። አትጀምሩት። ቴሲጀር ያየው አገር ከዚያ ወዲህ በሦስት ነገር ተለውጧል።

አንደኛው ወንዙ ራሱ ነው። አዋሽ ከሚሌ በታች ሜዳ ላይ የሚንሸራተት ወንዝ ነው፤ አልጋውን ይቀያይራል። በዚያ ላይ በ1950ዎቹ የተንዳሆ የጥጥ እርሻ መጣ፣ ኋላም ግድቡና የሸንኮራ አገዳው ተጨመረ። በድሮው ካርታ ላይ የግመል መንገድ የነበረው ዛሬ ቦይ ነው። ቦይ ደግሞ ድልድይ ከሌለው አርባ ኪሎ ሜትር ያዞራችኋል። ስለዚህ ከዱብቲ እስከ አሳይታ ባለው ክፍል የድሮውን መስመር ለመከተል አትድከሙ፤ ዋናውን መንገድ ያዙ።

ሁለተኛው ፕሮሶፒስ ነው፣ እሾሃማው መጤ ዛፍ። አፋሮች «ደርጊ ሀራ»፣ የደርግ ዛፍ ይሉታል፤ በ1970ዎቹ በረሃውን ያለማል ተብሎ መካከለኛው አዋሽ ላይ ተተከለ። ከብትና ፍየል ፍሬውን እየበሉ በፋንድያቸው ዘሩን አዛመቱት፤ ግጦሹንና የወንዙን ዳርቻ ዋጠው። ቴሲጀር በሣር ሜዳ ያለፈበት ቦታ ዛሬ ፍየል እንኳ የማትሾልክበት ጫካ ሆኗል። የአርብቶ አደሩ ኪሳራ ከእኛ ጉዞ ጋር የሚነጻጸር አይደለም፤ መሬቱ የተነጠቀው እሱ ነው። ለመኪና ግን እሾሁ ዋናው ጠላት ነው።

የመጀመሪያው ጉዞዬ የተሰናከለው በዚህ ዛፍ ነው። ከገዋኔ በላይ፣ ከአስፋልቱ ወጥተን በድሮው የወንዝ ዳር መስመር ገባን። መሪ አልነበረንም፤ ጂፒኤሱ ያደርሰናል ብዬ ነበር። ሁለት ሰዓት ሳንሄድ የኋላው ጎማ ተነፈሰ። ባለ ከመነዳሪ ጎማ ነበር፤ ከመነዳሪ አየሩን የሚይዘው የውስጥ ጎማ ነው። ፈታን፣ የተበሳውን ከመነዳሪ አውጥተን አዲስ አስገባን፣ ሞላን፣ ሄድን። አርባ ደቂቃ ሳይሞላ ያው ጎማ እንደገና ተነፈሰ። ሌላ አዲስ ከመነዳሪ አስገባን። እንደገና። ሁለቱን ስኮርታ (ትርፍ ጎማ) በሌሎቹ ጎማዎች ላይ ጨርሰናል፤ ከያዝነው ሦስት ከመነዳሪ የቀረን አንድ ነው፤ ፀሐይዋ አናት ላይ ናት። እዚያው አደርን። በማግስቱ ጠዋት አንድ እረኛ አስፋልቱ ድረስ ሄዶልን፣ በሞተር ሳይክል ጎሚስታ ይዞ መጣ።

ጎሚስታው የመጨረሻዋን ከመነዳሪ ከመንካቱ በፊት ጎማውን ገልብጦ ውስጡን በቁራጭ ጨርቅ ቀስ እያለ ዳሰሰው። ጨርቁ አንድ ቦታ ያዝ አደረገው። የፕሮሶፒስ እሾህ ጫፍ ነበር፤ ከውጭ ተሰብሮ አይታይም፣ ከውስጥ ግን እንደ መርፌ ብቅ ብሏል። በጉጠት ነቀለው። ሦስት ሌሎችም አወጣ። እኔ ከመነዳሪ በቀየርኩ ቁጥር ያንኑ እሾህ ለአዲሱ እያቀረብኩለት ነበር።

ስለዚህ ጎማ በተበሳ ቁጥር፣ ቸኮላችሁም ቢሆን፣ ውስጡን በጨርቅ ዳስሱ። በእጃችሁ አትዳስሱ፤ ይወጋል፣ ቁስሉም በቀላሉ አይድንም። ከጨርቁ በኋላ በባትሪ ብርሃን ከውጭም ፈትሹ። እኔ አሁን የምጠቀመው ቱብለስ፣ ከመነዳሪ የሌለው ጎማ ነው፤ ቀዳዳውን ከውጭ በጎማ ክር መድፈን ስለሚቻል አስር ደቂቃ አይፈጅም። የገጠር ሾፌሮች ባለ ከመነዳሪው ይሻላል፣ የትም ይጠገናል ይላሉ። ለድንጋይ መንገድ እውነታቸውን ነው። እሾህ ባለበት አገር ግን ከእነሱ ጋር አልስማማም።

ሦስተኛው ለውጥ ሐይቁ ነው። አቤ ቴሲጀር ካየው በእጅጉ ሸሽቷል፤ ውሃው ከላይ ለመስኖ ሲጠለፍ ታች የሚደርሰው አነሰ። በድሮው ካርታ ላይ «ዳርቻ» ተብሎ የተሰመረው ቦታ ዛሬ ነጭ ሜዳ ነው። ደረቅ ይመስላል፤ ከላይ ያለው ግን የጨውና የጭቃ ቅርፊት ነው፣ ከሥሩ ለስላሳ ጭቃ አለ። መኪናው እስከ ሆዱ ሊሰምጥ ይችላል፤ ሁለተኛው ሊጎትተው ሲገባ እሱም ይሰምጣል። በሁለተኛው ጉዞዬ መሪያችን መኪናውን አስቁሞ ወረደ፣ ሃምሳ እርምጃ ወደፊት ሄዶ ተረከዙን መሬቱ ላይ መታ፣ «ከዚህ በእግር» አለን። አልተከራከርንም። የእናንተም ደንብ ይኸው ይሁን፦ የግመል ኮቴ ጠልቆ የገባበት ሜዳ ላይ መኪና አይገባም።

እንግዲህ መስመሩን እንዴት ትሠሩታላችሁ? የድሮውን መንገድ እንደ መስመር ሳይሆን እንደ ነጥቦች ያዙት፦ አዋሽ ሰባት፣ ባህዱ በገዋኔ በኩል፣ ሚሌ፣ አሳይታ፣ አፋምቦ፣ አቤ። በነጥቦቹ መካከል ያለውን መንገድ መሪው ይምረጥ። የቦታ ስሞችን እንግሊዛዊው እንደሰማው ነው የጻፋቸው፤ ለመሪያችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡለትና እሱ ይንገራችሁ።

ውሃና ናፍታ

ለአንድ ሰው በቀን 8 ሊትር እይዛለሁ፤ ለስድስት ቀን ሳይሆን ለስምንት ቀን አስልቼ። ለአራት ሰው 256 ሊትር ይሆናል፤ መሪውንና ጥበቃውን ስትጨምሩ ከዚያ ያልፋል። አሳይታ ላይ እንደገና መሙላት ስለሚቻል ሁሉንም ከአዲስ አበባ መጫን አያስፈልግም። በ20 ሊትር ጀሪካን ከፋፍሉት፣ በሁለቱም መኪና ላይ። አንድ ትልቅ በርሜል የምትይዙ ከሆነ አንድ ስንጥቅ ሁሉንም ያሳጣችኋል። የራዲያተር ውሃ ለብቻው ይሁን። የአዋሽን ውሃ ሳታፈሉ አትጠጡ፤ አዞም ስላለበት ለመታጠብ አትግቡበት።

ናፍታን በአስፋልት ፍጆታ አታስሉ። በአስፋልት 100 ኪሎ ሜትር በ14 ሊትር የሚሄድ ሃርድቶፕ በአሸዋና በዝቅተኛ ማርሽ ከ20 እስከ 25 ይጠጣል። ሎጊያ ወይም ሰመራ ላይ ታንከሩን ሙሉ፤ አሳይታ ላይ አገኛለሁ ብላችሁ አትተማመኑ። ማደያዎች ብዙውን ጊዜ በጀሪካን ያለ ደብዳቤ ስለማይቀዱ፣ ሰመራ ላይ የፈቃዱን ደብዳቤ ስትጠይቁ ይህንንም አብራችሁ አስጽፉ። ሁለት ታንከር ያለው መኪና ካገኛችሁ ከዚህ ሁሉ ትገላገላላችሁ።

መኪናው

ብዙ አልልም። አዲስ መኪና አያስፈልግም፤ ሎጊያ ያለ መካኒክ የሚያውቀው መኪና ያስፈልጋል። ቺንጋ፣ የናፍታና የአየር ፊልትሮ፣ የራዲያተር ቱቦ፣ ለባሌስትራ ማሰሪያ ሽቦ፣ ሁለት አካፋ፣ ረጅም ክሪክ፣ ከክሪኩ ሥር የሚገባ ሰፊ ጣውላ። ጣውላውን አትርሱ፤ ያለ እሱ ክሪክ አሸዋ ውስጥ ራሱን ይቀብራል። ዊንች ደስ ይላል፣ ግን ከአሳይታ በታች የምታስሩበት ዛፍ የለም፤ ገንዘቡን ጥሩ ኮምፕሬሰር ግዙበት። አሸዋ ከመግባታችሁ በፊት ጎማውን ወደ 20 ፒኤስአይ አውርዱ፤ ድንጋይ ላይ ስትወጡ መልሳችሁ ሙሉት። መልሶ መሙላቱን የሚዘነጋ ሰው የጎማውን ጎን ስለት ያለው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ይቀድበታል።

መንገድ ላይ

በንጋት ተነሱ፣ ከአምስት ሰዓት ተኩል በኋላ ጥላ ፈልጉ፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ቀጥሉ። በሌሊት አትንዱ። ሰውና ግመል ሳታስፈቅዱ ፎቶ አታንሱ። መንደር ስትደርሱ ከመኪና ወርዳችሁ ሰላምታ ስጡ፤ ካሜራውና ጥያቄው ከዚያ በኋላ ይምጣ።

ከአሳይታ ወደ አፋምቦ ስትወርዱ ምድረ በዳው መሃል አረንጓዴ ታያላችሁ። አዋሽ እዚያ በትናንሽ ሐይቆች ይሰባበራል፤ የወንዙ የመጨረሻ ትንፋሽ ነው። መኪናው ከአፋምቦ በኋላ የት ድረስ እንደሚሄድ የሚወስነው የዓመቱ ጎርፍ ነው፤ ቀሪውን በእግርና በግመል ለመሄድ ተዘጋጁ። አንድ ሙሉ ቀንና አንድ አዳር ያዙለት፣ የጫማችሁ ሶል ወፍራም ይሁን፣ መኪናዎቹን የሚጠብቅ ሰው ከመንደሩ ቅጠሩ። ሲመሽ በዳማ አሊ ተራራ ሥር፣ ውሃው ዳር ፍላሚንጎዎቹን ካያችሁ ደርሳችኋል።

እንደ ቴሲጀር እስከ ታጁራ መቀጠል የሚፈልግ ሰው ከሐይቁ ዳር ድንበሩን አያቋርጥም። ወደ ሎጊያ ተመልሶ በጋላፊ ኬላ፣ ቪዛውንና የመኪናውን ወረቀት አሟልቶ ጅቡቲ ይገባል። ከዲክሂል ወደ አስ ኤላ ሲወርድ አቤን ከማዶ፣ ከኖራ ድንጋይ ጭስ ማውጫዎቹ በኩል ያገኘዋል።