9 ሰው በአንድ ፎቶ፦ ሰልፉን እንዴት እንዳፈረስኩት

ባለፈው እሁድ ወዳጅነት ፓርክ ውስጥ የአንድ ቤተሰብ ፎቶ አነሳሁ። 9 ናቸው፤ ከእማማ እስከ የ2 ዓመቷ ሚጣ። ሁሌም የሚሆነው ሆነ፦ በአንድ መስመር ተደረደሩ፣ እጃቸውን ወደ ታች ለቀቁ፣ ፊታቸውን ኮስተር አደረጉ። የመታወቂያ ፎቶ የሚነሱ ነበር የሚመስሉት። ደግሞ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ነው። ፀሐይዋ አናት ላይ ስለሆነች ዓይናቸው ጉድጓድ ውስጥ ጥቁር ጥላ ገባ።

መጀመሪያ ከፀሐይ አወጣኋቸው። የዛፍ ጥላ ዳር ላይ፣ ፊታቸውን ወደ ክፍቱ ሰማይ አዙረው። በቅጠል መሃል የሚሾልክ ብርሃን ፊት ላይ ነጠብጣብ ስለሚያወጣ ጥላው ድፍን የሆነበትን ቦታ ፈለግሁ።

ከዚያ ወንበር ለምኜ እማማን አስቀመጥኳቸው። ሁሉን የቀየረው ይሄ ነው። እሳቸው መሃል ሲቀመጡ ሌላው ሳልነግረው ዙሪያቸውን ከበበ፣ ትልቁ ልጃቸው ትከሻቸው ላይ እጁን ጣል አደረገ፣ የልጅ ልጆቹ እግራቸው ሥር ሳሩ ላይ ዘፍ አሉ፣ የራሶቹም ከፍታ በራሱ ተለያየ። እኔ ያስተካከልኩት የእማማን ነጠላ ብቻ ነው፤ ያ የመሰለ ጥለት ተጣጥፎ ተደብቆ ነበር።

ከኋላ የቆሙት ደብዝዘው ስለወጡ የሌንሱን ቀዳዳ ከኤፍ 2.8 ወደ ጠበበው ኤፍ 8 ቀየርኩ፤ ያኔ ከፊትም ከኋላም ያለው ጥርት ብሎ ይወጣል። የመዝጊያውን ፍጥነት 1/250 ሰከንድ ላይ ተውኩት፣ ጠባቡ ቀዳዳ የቀነሰውን ብርሃን ለማካካስም አይኤስኦውን፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት፣ ከፍ አደረግሁ።

ሚጣ ግን ካሜራ አላይም አለች። «እስቲ እማማን ሳሚልኝ» አልኳት። ስትስማቸው ሁሉም ወደ እሷ ዞሮ ሳቀ፣ እኔም አከታትዬ አነሳሁ። ያሳተሙት ያንን ነው።