ፊልም አብሮ አይቶ ለመወያየት፦ ደሴና ኮምቦልቻ ላሉ ፊልም ወዳዶች

ከ10 እስከ 15 ሰው ይበቃል። ከዚያ ሲበዛ ሦስት ሰዎች ያወሩና የቀረው አድማጭ ይሆናል።

ቀኑ እሑድ፣ ሰዓቱ ከቀኑ 7:30 ቢሆን ይመረጣል። ከቤተ ክርስቲያን የተመለሰው ምሳውን በልቷል፣ ዙህር የሰገደውም ደርሷል። 100 ደቂቃ የሚፈጅ ፊልም 9:10 ላይ ያልቃል፤ አስር ሶላት ሲደርስ አጭር እረፍት ወስዶ መቀጠል ነው። ማታ ከተደረገ የደሴ ብርድና የባጃጅ ነገር ሰውን ከውይይቱ በፊት ያስነሳዋል። እንደ ኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» 140 ደቂቃ የሚሄድ ፊልም ከተመረጠ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብላችሁ ጀምሩ፤ መሃል ላይ ግን አትቁረጡት። ታሪኩ ከዘመን ዘመን ስለሚመላለስ ወጥቶ የተመለሰ ሰው የት እንዳለ ይጠፋበታል።

መስኮቱን በወፍራም ብርድ ልብስ ሸፍኑ። ለ2 ሜትር ስፋት ምስል፣ አብዛኛው የተለመደ ፕሮጀክተር 3 ሜትር ያህል ርቀት ይፈልጋል። ምስሉ የሚያርፍበትን ነጭ አንሶላ ደርቡት፤ ነጠላ ከሆነ ብርሃኑ አልፎት ይሄድና ምስሉ ይገረጣል። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ፦ ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ፣ ኮምቦልቻም ከ1,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናቸው። አየሩ ስስ በመሆኑ ፕሮጀክተሩ በደንብ አይቀዘቅዝም፤ በሙቀት ብዛት መሃል ላይ ሊጠፋ ይችላል። ከ1,500 ሜትር በላይ ላለ ቦታ የተዘጋጀ የማራገቢያ ማስተካከያ ብዙዎቹ ሜኑ ውስጥ አላቸውና አብሩት። ማራገቢያው ድምፁ ስለሚጨምር ስፒከሩን ከፕሮጀክተሩ አርቃችሁ ከአንሶላው ሥር አስቀምጡ። መብራት ከሄደ ሶኬቱን ንቀሉ፤ ሲመለስም አምፖሉ እስኪቀዘቅዝ 5 ደቂቃ ጠብቁ።

የአማርኛ ሰብታይትል ቲቪ ላይ ባዶ ሳጥን ሆኖ ከመጣ ቲቪው የግዕዝ ፊደል የለውም ማለት ነው። ከላፕቶፕ፣ ቪኤልሲ (VLC) በተባለው የቪዲዮ ማጫወቻ አጫውቱት።

ቡናው ፊልሙ ሳይጀመር ይቆላ። የቡናና የዕጣን ጭስ የፕሮጀክተሩን ብርሃን ይይዝና ምስሉን ጭጋግ ያስመስለዋል። ጀበናው ፊልሙ ሊያልቅ 15 ደቂቃ ሲቀረው ይጣድ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። «እንዴት ነበር?» ብላችሁ አትጀምሩ። መልሱ «አሪፍ ነው» ወይም «አልተመቸኝም» ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ሁሉም የያዘውን አቋም ሲጠብቅ ይውላል። በአቦል ላይ እያንዳንዱ ሰው ከዓይኑ ያልጠፋ አንድ ትዕይንት ብቻ ይንገር፤ አንድ ደቂቃ፣ ያለ ፍርድ። ተራው ከታናሽ ይጀምር። ትልቅ ሰው አንዴ ከተናገረ ወጣቱ አክብሮ «ልክ ነው» ይልና ያየውን ይውጠዋል። ትልቁን ላለማስቀየም «ጋሼ፣ ዛሬ ከታናሽ እንጀምርና አንቱ በመጨረሻ ይመርቁን» ማለት ነው፤ ይህን የሚቀየም የወሎ ሽማግሌ አይገኝም።

ቶና ሲመጣ፣ ሁለት ሰዎች በተለያየ መንገድ ያዩትን ትዕይንት መርጣችሁ 2 ወይም 3 ደቂቃውን መልሳችሁ እዩ። ለዚህ አንድ ሰው ፊልሙ ሲታይ ደቂቃውን ወረቀት ላይ እየጻፈ ይቆይ፤ አለዚያ ፍለጋው ውይይቱን ይበላዋል። «ትወናው ደካማ ነው» ያለውን «የቱ ጋ? ድምፁ ነው ወይስ ፊቱ?» ብላችሁ ጠይቁት። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የተዋናዩ አይደለም፦ ስቱዲዮ ውስጥ በኋላ የተቀዳ ድምፅ ከአፉ ጋር ካልገጠመ ጎበዙም ደካማ ይመስላል። የያዛችሁት ቅጂ ራሱ ተዛብቶም ሊሆን ይችላል፤ ቪኤልሲ ላይ «ጄ» እና «ኬ» የሚሉት ቁልፎች ድምፁን በ50 ሚሊ ሰከንድ ያንቀሳቅሱታል። አስተካክላችሁ እዩትና ፍርዱን ከዚያ በኋላ ስጡ።

ፍርድ ለበረካ ይቆይ። «ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?» ከማለት «ለማን ታሳየዋለህ? ለእናትህ ታሳያታለህ?» ማለት የተሻለ ወሬ ያወጣል።

የሚቀጥለውን ፊልም የሚመርጠው ዛሬ ከሁሉም ጋር ያልተስማማው ሰው ይሁን። ፋይሉን እስከ ዓርብ ያምጣና መጀመሪያውን፣ መሃሉንና የመጨረሻዎቹን 10 ደቂቃዎች አጫውቶ ይፈትሽ፤ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ሲዞር የኖረ ቅጂ መጨረሻው ጎድሎ ይገኛል።