የጀርመን ቦምብ ጣይ አብራሪ የበረራ መዝገብ እንዴት ይነበባል?

የጀርመን አየር ኃይል ሰነዶች አብዛኞቹ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ላይ ስለወደሙ፣ የአንድን ቦምብ ጣይ አብራሪ የጦርነት ዘመን መከታተል የሚሻ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚተማመነው አብራሪው በግሉ በያዘው «ፍሉግቡህ» በተባለው የበረራ መዝገብ ነው። በመዝገቡ ውስጥ እያንዳንዱ መስመር የአንድ በረራ ነው።

ንባቡን ከአውሮፕላኑ መለያ ይጀምሩ። ለምሳሌ «6ኤን+ኤፍኬ» የሚል ቢያገኙ፣ ከመስቀሉ በፊት ያለው የጦር ክፍሉን፣ ማለትም በ1940 መገባደጃ በፈረንሳይዋ ቫን ከተማ የሰፈረውን 100ኛ ቦምብ ጣይ ቡድን ያመለክታል፤ «ኤፍ» አውሮፕላኑን ከአቻዎቹ የሚለይ ሲሆን፣ «ኬ» ደግሞ የቡድኑ ሁለተኛ ስኳድሮን መሆኑን ይናገራል።

ቀጥሎ የበረራውን ዓላማ ይመልከቱ። «ፋይንድፍሉግ» የሚለው በጠላት ላይ የተደረገ በረራ ስለሆነ፣ ከሙከራና ከልምምድ በረራዎች ለይተው ይቁጠሩት፤ በ1941 የተጀመረው የቦምብ ጣዮች የበረራ ምልክት ነሐሱ በ20፣ ብሩ በ60፣ ወርቁ በ110 እንዲህ ዓይነት በረራ ይሰጥ ነበር። አብራሪው ሁልጊዜ አዛዥ ነበር ብለው ግን አይደምድሙ፤ በጦርነቱ የመጀመሪያ ዓመታት አምስት ሰው በሚይዘው ሃይንክል 111 ላይ ትእዛዝ የሚሰጠው ብዙ ጊዜ አጠገቡ የተቀመጠው አቅጣጫ መሪና ቦምብ ለቃቂ ነበር።

ብዙ አንባቢ የሚሳሳተው በሰዓቱ ላይ ነው። በ1940 መገባደጃ ጀርመን ከእንግሊዝ በአንድ ሰዓት ትቀድም ስለነበር፣ ኅዳር 14 ቀን 1940 (በአውሮፓ አቆጣጠር) በእንግሊዟ ኮቨንትሪ ከተማ ላይ የመጀመሪያዎቹ ቦምቦች በእንግሊዝ ሰዓት 19፡20 ገደማ ሲወድቁ በአብራሪዎቹ የእጅ ሰዓት 20፡20 ነበር፤ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 1፡20 እና 2፡20 መሆኑ ነው። መዝገቡ የዚያችን ሌሊት በረራ በአንድ መስመር ይዘጋዋል፤ መሬት ላይ ግን 568 ያህል ሰዎች ሞተዋል። ስለዚህ የሰማዩን መስመር ከከተማው የሲቪል መከላከያ መዛግብት ጋር ሳያስተያዩ አይለፉት፤ ያለዚያ የሚያነቡት የጉዞ ሰሌዳ ብቻ ነው።

መዝገቡ በድንገት ካቆመና አብራሪው በእንግሊዝ ምድር ላይ እንደወደቀ ከጠረጠሩ፣ በስታፎርድሸር የሚገኘውን የካኖክ ቼስ የጀርመን ወታደሮች መቃብር ስም ዝርዝር ይፈትሹ፤ በዚያ ከሁለቱም የዓለም ጦርነቶች ወደ 5,000 የሚጠጉ ሰዎች አርፈዋል።