የጭምብል ለባሽ ጀግናን መነሻ ታሪክ እንዴት እንጽፋለን?

ጭምብል ስለሚያጠልቅ ጀግና ልብ ወለድ መጻፍ ያማረው ሰው ገና ከመነሻው አንድ ችግር አለበት። ከጭምብሉ ጀርባ ማን እንዳለ አንባቢው ያውቃል። «ማን ነው?» ብሎ ማጓጓት አይቻልም። የሚቀረው «እንዴት እንዲህ ሆነ?» ነው፤ ሥራውም ያለው እዚያ ላይ ነው።

ዞሮን እንያዝ፤ በድሮዋ ካሊፎርኒያ ጭምብል አጥልቆ ለተበደሉ የሚዋጋውን የልብ ወለድ ጀግና። አሜሪካዊው ደራሲ ጆንስተን ማካሊ በ1919 እ.ኤ.አ. በሳምንታዊ መጽሔት በተከታታይ ሲያወጣው፣ ሰውዬው ጭምብሉን አጥልቆ ጎራዴውን ታጥቆ፣ አልቆለት ነው የመጣው። ልጅነቱን በሰፊው የጻፈችው ቺሊያዊቷ ደራሲ ኢዛቤል አየንዴ ናት፤ በ2005። የእሷን መንገድ እያየን እንሂድ።

1. ያለውን ሁሉ ዘርዝሩ። ጭምብል፣ ጎራዴ፣ ፈረስ፣ ግድግዳ መውጣት፣ ማምለጥ። ከእያንዳንዱ ጎን «ከየት አመጣው?» ብላችሁ ጻፉ። መልሱ ሰው ወይም ቦታ ይሁን። «ጎበዝ ስለሆነ» መልስ አይደለም። አየንዴ ዘንድ ዲያጎ (የዞሮ እውነተኛ ስሙ ነው) ጎራዴውን የሚማረው ባርሴሎና ውስጥ ከማኑዌል ኤስካላንቴ ነው። ገመድ ላይ መንጠላጠሉን መርከብ ላይ፣ የእጅ ምትሃቱን ደግሞ ከመርከቡ ምግብ አብሳይ። ጭምብሉስ? የልጁ ጆሮዎች ወጣ ወጣ ያሉ ናቸው፣ መደበቅ አለባቸው። በቃ። እኔ ይህችን በጣም ነው የምወዳት፤ ጀግናውን አንዴ ታስቅበትና የበለጠ ታቀርበዋለች።

2. ቁጣውን ቀስ ብላችሁ አብስሉ። እዚህ አትቸኩሉ። ብዙ ጀማሪ አባትን በመጀመሪያው ገጽ ይገድልና ልጁን ለበቀል ያስነሳዋል። እንዲህ ያለው ሰው ቂመኛ ነው፤ ቂሙን ሲወጣ ታሪኩም አለቀ። ዲያጎ ግን የተወለደው ከሁለት ወገን ነው። አባቱ አሌሃንድሮ ካሊፎርኒያ የሰፈረ ስፔናዊ ባለርስት ነው። እናቱ የሳን ገብርኤልን ሚሲዮን (የካቶሊክ ካህናትን ሰፈር) ልታጠቃ የአገሬውን ሰው የመራች ተዋጊ ናት። (ይህ ከሜዳ የተነሳ አይደለም። በ1785 ቶይፑሪና የምትባል ሴት እዚያው ሚሲዮን ላይ ከተነሳው አመፅ መሪዎች አንዷ ነበረች።) በርናርዶ ደግሞ አለ፤ ከዲያጎ ጋር አንድ ጡት ጠብቶ ያደገ የአገሬው ልጅ። የባሕር ወንበዴዎች እናቱን ዓይኑ እያየ ይገድሉበታል፤ ልጁም መናገር ይተዋል።

ትልቁ በደል የደረሰው በጀግናው ላይ ሳይሆን አጠገቡ ባለው ሰው ላይ መሆኑን ልብ በሉ። ስለዚህ በደሉን ሁለት ጊዜ አሳዩ። አንዴ ልጅ ሆኖ፣ ምንም ማድረግ ሳይችል። ሌላ ጊዜ አድጎ፣ እጁ ላይ መሣሪያ ይዞ። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት መጽሐፋችሁ ነው።

3. ዘመኑን አጥኑ። ዲያጎ ባርሴሎና የሚደርሰው ከተማዋ በናፖሊዮን ጦር እጅ እያለች ነው። ፈረስ በቀን ስንት እንደሚሄድ፣ ደብዳቤ ስንት ወር እንደሚፈጅ ካላወቃችሁ ቀድማችሁ አንብቡ።

4. የቀኑን ሰው ለብቻው ሥሩት። የማካሊ ዲያጎ ቀን ቀን ደካማ፣ ግጭት የሚሸሽ፣ ሁሉ ነገር የሚያታክተው ባለጸጋ ነው። የሚወዳት ሎሊታ ትንቀዋለች፤ ልቧ ያለው ዞሮ ጋር ነው። ማስመሰል እንዲህ ዋጋ ያስከፍል። የማያስከፍል ከሆነ ጭምብሉ ጌጥ ብቻ ነው።

5. ፍልሚያውን በእግር ጻፉት። «እንደ መብረቅ ተወረወረ፣ አምስቱን ጣላቸው» ስትሉ አንባቢ ምንም አያይም። ይልቅ እንዲህ ሞክሩ፦

«ደረጃው ረጥቧል። ወታደሩ ከላይ ነው፣ ልጁ ከታች። አንድ ደረጃ ወረደ። ወታደሩ ተከተለው። ሌላም ወረደ። ሦስተኛው ላይ የወታደሩ ተረከዝ ሸተት አለ፤ ልጁም ሲጠብቅ የቆየው ይህችን ነበር።»

የቆሙበት ቦታ፣ እግር፣ አንድ ስህተት። ቅጽሉን ቀንሱ።

6. ጭምብሉን አታውልቁ። ማካሊ በመጀመሪያው ታሪክ መጨረሻ የዞሮን ማንነት በአደባባይ ገለጠው። በ1920 ፊልሙ ወጣ፣ ተወደደ፣ አንባቢም ሌላ ፈለገ። ሰውዬው ምን ያድርግ? ምንም እንዳልተፈጠረ ጭምብሉን መልሶ አጠለቀለትና መጻፉን ቀጠለ። እሱ ተሳክቶለታል። በቴሌግራም ክፍል በክፍል የምትለጥፉ ግን እንዲህ አትሞክሩ፤ «ክፍል 12 ላይ አውልቆት አልነበር?» የሚል አንባቢ አይጠፋም።