ሳፋ፣ ሳሙና እና ክር፦ በቀይ አፈር አገር የእግር እብጠትን መከላከል

አክስቴ ማኅበር ስትሄድ በር አጠገብ ነበር የምትቀመጠው። ልጅ ሳለሁ ትሕትና ይመስለኝ ነበር። ሁለቱም እግሮቿ ከጉልበት በታች አብጠዋል። ቀሚሷን እስከ መሬት ታስረዝምና እግሯን ከሥሩ ትሸጉጠዋለች። በኋላ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሆኜ በምሥራቅ ጎጃም፣ በማቻከል ገጠር ቤት ለቤት ስዞር፣ እንደ እሷ በር አጠገብ የሚቀመጥ ሰው ያላየሁበት ጎጥ የለም ማለት እችላለሁ። ይህን የምጽፈው ለሥራ ባልደረቦቼ፣ ለመምህራን፣ ለዕድር ዳኞች እና ቤታቸው ታማሚ ላለባቸው ሁሉ ነው።

ሐኪሞች በሽታውን ፖዶኮኒዮሲስ ይሉታል። እኛ ዝሆኔ ወይም የእግር እብጠት እንለዋለን። ቆላ ላይ በትንኝ የሚመጣ ሌላ ዝሆኔ አለ። የደጋውና የወይና ደጋው ግን ከአፈር ነው። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘው ቀይ አፈራችን በዓይን የማይታዩ ደቃቅ ቅንጣቶች አሉት። ሰው ለዓመታት በባዶ እግሩ ሲሄድ ቅንጣቶቹ በቆዳው ይገቡና በእግር ውስጥ ያሉትን የፈሳሽ ማመላለሻ ቱቦዎች ይጎዳሉ። ፈሳሹ መውጫ ያጣል፣ እግር ያብጣል። ይህን ከአፈሩ ጋር አያይዞ ያጠናው ኧርነስት ፕራይስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ነው፤ የሠራውም እዚሁ ኢትዮጵያ ነው።

ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ይህን በየቡናው ላይ ደጋግሙት። መጋኛ ነው፣ እርግማን ነው፣ የዘር ነው የሚል ብዙ ነው። ከዘር ጋር የሚያያዝ ነገር በእርግጥ አለው፤ አንዳንድ ቤተሰብ ለአፈሩ ይበልጥ ተጋላጭ ነው። ግን እግሩ አፈር ካልነካ ያ ልጅ አይታመምም። ስለዚህ የታማሚ ልጅን ለጋብቻ ከመሸሽ ጫማ መግዛቱ ይቀላል።

ሥራውን በጫማ እደላ አትጀምሩ። ጫማ ሲታደል የሚመጣው መምጣት የሚችለው ነው። እኔ ፍለጋ የምጀምረው ከሰው መሀል ከቀረው ሰው ነበር። የዕድሩን ጸሐፊ፣ «ገንዘቡን በልጁ እጅ እየላከ ራሱ የማይመጣ ማን ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ። የማኅበር እናቶችን፣ «ድሮ ይመጡ የነበሩ፣ አሁን የቀሩ አሉ?» እላለሁ። መምህራንን ደግሞ እግሩን የሚያሳክከውን፣ ማታ ማታ የሚያቃጥለውን፣ የእግሩ ጣቶች አካባቢ አብጦ አድሮ የሚጎድልለትን ልጅ እንዲጠቁሙኝ። በዚህ ደረጃ የተያዘ ልጅ ጫማና ውኃ ይበቃዋል።

ቤታቸው ስትገቡ አፍንጫችሁን አትያዙ። ቡና ከቀረበ ጠጡ። አክስቴን መጀመሪያ ላጥባት ስል፣ «ተይኝ ልጀ፣ ይሸትሻል» አለችኝ። በእኛ አገር ከመንገድ የመጣ እንግዳ እግሩ ይታጠባል፤ በጸሎተ ሐሙስም ካህኑ የምእመኑን እግር ያጥባል። ያን አስታወስኳት። ዝም ብላ እግሯን ዘረጋች።

እጥበቱ እንዲህ ነው። ለእግር ብቻ የሚሆን ሳፋ ለዩ። ውኃው ንጹሕና ቀዝቃዛ ይሁን፤ የፈላ ወይም የሚያቃጥል ውኃ አይሆንም። በሳሙና ቀስ ብላችሁ እጠቡ፤ በድንጋይ አትፈግፍጉ። ጭቃው የሚደበቀው በጣቶች መካከልና በቆዳው እጥፋት ውስጥ ስለሆነ እጥፋቱን አንድ በአንድ በለስላሳ ጨርቅ ክፈቱ። ውኃው እስኪጠራ ለውጡ። ከዚያ በሌላ ውኃ ላይ ጥቂት በረኪና ጨምራችሁ 15 ደቂቃ ያህል ይዘፍዘፍ። በረኪናው እጅግ ትንሽ ነው፤ እኛ ለ6 ሊትር ውኃ ከ2 የሻይ ማንኪያ አናሳልፍም ነበር። በግምት አትጨምሩ፤ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ልኩን አስለኩ። ሲወጣ በንጹሕ ጨርቅ እየነካካችሁ አድርቁ። በተለይ በጣቶች መካከል እርጥበት አይቅር። ቆዳው ሳይሰነጠቅ እንዲቆይ ቫዝሊን ቀቡ፣ በጣቶች መካከል ግን አትቀቡ፤ እዚያ ከቆሰለ ወይም ከነጣ ጤና ጣቢያ የፈንገስ ቅባት ይሰጣል። መጨረሻ ካልሲና ጫማ። በየቀኑ ነው፤ ሳምንት ጠብቆ የሚሠራ ነገር አይደለም።

በምሥራቅ ጎጃም 696 ታማሚዎች የተሳተፉበት፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ነበር። እግራቸውን የታጠቡት፣ የተቀቡትና ጫማ ያደረጉት ሰዎች ትኩሳት ይዞ የሚነሣባቸው ሕመም ከሌሎቹ ቀንሶላቸዋል። በሳሙናና በቫዝሊን ማለት ነው! ይህን ሳስብ አሁንም ይቆጨኛል፤ አክስቴ ያን ሁሉ ዓመት የቸገራት ይኸው ነበር።

ስለዚያ ትኩሳት ልንገራችሁ። በድንገት ያንቀጠቅጣል፣ እግር ይግላል፣ ብሽሽት ያብጣል። ምች መታኝ ብለው ቅጠል ያሹበታል፣ አንዳንዱም በምላጭ ያስበጣል። እባካችሁ ቆዳው እንዳይበጣ። ያ ቁስል ለጀርም ሌላ መግቢያ በር ነው። ታማሚው ይተኛ፣ እግሩ ትራስ ወይም የታጠፈ ጋቢ ላይ ከፍ ይበል፣ ቀዝቃዛ ውኃ የነካው ጨርቅ ይደረግለት፣ ብዙ ይጠጣ። ፋሻ ካለ ይፈታ። ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ ፓራሲታሞልና ካስፈለገም ፀረ ባክቴሪያ ይሰጡታል። ጠበል የሚሄድ ይሂድ። እኔም እሄዳለሁ። ሲመለስ እግሩን ያድርቅ፣ መድኃኒቱንም አያቋርጥ።

ጫማው ላይ ብዙ ጊዜ እንሳሳታለን። በረባሶ አፈር ያስገባል። ኮንጎ ከባዶ እግር ይሻላል፤ ያለ ካልሲ ግን ያልባል፣ ይልጣልም። እግሩን የሚሸፍን፣ ሰፋ ያለ፣ የማይቆረቁር ጫማ ነው የሚያስፈልገው። እግሩ በጣም ላበጠ ሰው ገበያ ላይ በልኩ አይገኝም። ካርቶን ላይ አስቁማችሁ የእግሩን ዙሪያ በከሰል አሥምሩና ለጫማ ሰፊ ስጡት። አንድ ጊዜ ጫማ ሊታደል ነው ተብሎ አንድ አባት ሦስት ሰዓት ተጉዘው መጡ። በልካቸው የለም ተብለው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ቀድሞ ልካቸውን የለካ ሰው አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ልክ ሳልይዝ ሰው ጠርቼ አላውቅም።

እርሻ ላይ ችግር አለ። ገበሬው ጫማውን የሚያወልቀው በክረምት፣ ጭቃ ሲይዘው ነው። ስንፍና አይደለም፤ በጭቃ ጫማ በሬ መከተል ከባድ ነው። ማውለቅ ግድ ከሆነ ቤት እስኪገባ አይቆይ፤ ማሳው ዳር አንድ ጀሪካን ውኃና ሳሙና ይኑር፣ ሞፈር ሲፈታ እግሩን ይታጠብ። ቤት ውስጥም ወለሉ አፈር ነውና ሰሌን ወይም ቆዳ አንጥፉ።

ውኃው ከየት ይምጣ የሚለው ደግሞ ትልቁ ጥያቄ ነው። እግሯ ያበጠ ሴት ምንጭ ወርዳ 20 ሊትር አትሸከምም። ሳሙና ሲያልቅባት ደግሞ ለመጠየቅ ታፍራለች። እኛ ጎጥ የሠራው ይህ ነው፤ ዕድሩ በወር ከሚሰበስበው ላይ ለታማሚዎች ሳሙናና ቫዝሊን ይገዛል፣ ጎረቤት ተራ ገብቶ ውኃ ይቀዳል። ዳኛው መጀመሪያ፣ «ዕድር ለሞተ ነው» አሉ። «ለቆመም ይሁን» አልናቸው። ተስማሙ።

ለውጡን ለማየት ክር ውሰዱ። ቁርጭምጭሚቱ ላይ ዙሩን ለኩና ቋጠሮ አድርጉ። በየወሩ፣ ጠዋት፣ እዚያው ቦታ ላይ መልሳችሁ ለኩ። እብጠቱ ለስላሳ ከሆነ ቶሎ ይቀንሳል። የጠጠረው ግን ይዘገያል፤ ይህን ቀድማችሁ ንገሯቸው፣ ተስፋ ቆርጠው እንዳይተዉት። የአክስቴ ክር ምሰሶው ላይ ተንጠልጥሏል። በሦስተኛው ወር አዲሱ ቋጠሮ ከመጀመሪያው ሁለት ጣት ወርዶ ነበር። እንግዳ ሲመጣ ቡናው ሳይፈላ ክሩን አውርዳ ታሳያለች።